በረጅም ሰዓት የመኪና ውድድር ደርቦ ማለፍና ንክኪ፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ጥያቄ ክፍት ነው። ውድድሩን፣ ኩርባውንና የመኪኖቹን ምድብ ሳትጽፉ ግን «ጥፋቱ የማን ነው?» አትበሉኝ።

የፒያሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ኩርባ ላይ ሁለት መኪኖች ሲነካኩ ዳኞች መጀመሪያ የሚያዩት ምንድን ነው?

መላሽ፦ ማን እንደተሽከረከረ አይደለም። ምስሉ የሚቆመው የፊተኛው ሾፌር መሪ መጠምዘዝ የጀመረበት ቅጽበት ላይ ነው። ያኔ ደራቢው ጎኑ ደርሷል ወይስ ገና ከኋላው ነው? ቀጥታው ላይ የኤፍአይኤ (የዓለም የመኪና ስፖርት የበላይ አካል) ደንብ ግልጽ ነው፤ የደራቢው የፊት ክንፍ ከፊተኛው የኋላ ጎማ ጎን ከደረሰ፣ ፊተኛው የመንገዱን ስፋት በሙሉ ተጠቅሞ ሊዘጋው አይችልም። ለመከላከል መስመር መቀየርም አንዴ ብቻ ነው፤ ወደ ዋናው መስመር ሲመለስ የአንድ መኪና ስፋት ይተዋል። ኩርባ ውስጥ ግን አፍንጫ ማስገባት ብቻውን መብት አይሰጥም። ስለዚህ ቴሌሜትሪው (መኪናው ፍጥነቱን፣ ፍሬኑንና መሪውን የሚመዘግብበት መረጃ) ይከፈታል። ደራቢው በቀደሙት ዙሮች ፍሬን ከያዘበት ቦታ ምን ያህል አሳልፎ ያዘ? ጎማው ተቆልፏል? ፊተኛው ፍሬን ይዞ ሳለ መሪውን ወደ ደራቢው አዙሯል? ፊተኛው መታጠፍ ከጀመረ በኋላ ጎኑ የደረሰ ደራቢ፣ ጥፋቱ የራሱ ነው። ፍሬን ላይ መስመር የቀየረ ፊተኛም እንዲሁ።

ካዛንቺስ፦ ትናንት ያየሁት ግጭት ጥፋቱ የማን ነው?

መላሽ፦ የትኛው ውድድር? የትኛው ኩርባ? ከላይ ጽፌያለሁ።

አራት ኪሎ፦ አደባባይ ላይ ቅድሚያው ቀድሞ ለገባ ነው። እዚህስ?

ባምቢስ፦ ምን ክርክር አለው፤ ከኋላ የገጨ ነው ጥፋተኛ።

አራት ኪሎ፦ ሁልጊዜ አይደለም! ድንገት ታጥፎ ቢገባብህስ?

ባምቢስ፦ ርቀት ጠብቀህ ንዳ ነዋ!

መላሽ፦ የትራፊክ ፖሊሱን ጉዳይ ለሌላ ቀን አቆዩት። ውድድር ላይ ርቀት ጠብቆ የሚነዳ የለም።

ካዛንቺስ፦ እሺ፣ ሰማያዊ ባንዲራ ሲውለበለብለት የዘገምተኛው ምድብ መኪና፣ ጂቲ3ው፣ መንገድ መልቀቅ የለበትም?

መላሽ፦ አሁን ጠየቅክ። ሌ ማን ላይ (ፈረንሳይ የሚካሄደው የ24 ሰዓት ውድድር) አንዱ ዙር 13.626 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሃይፐርካር (የፈጣኑ ምድብ መኪና) በየዙሩ ጂቲ3ን ወደ 30 ሰከንድ ይበልጠዋል። ስለዚህ በየሰባት ስምንት ዙሩ ያንኑ ጂቲ3 እንደገና ይደርሰዋል፤ ጂቲ3ዎቹ ደግሞ ከ20 በላይ ናቸው። ባንዲራው «ፈጣን መኪና መጥቶብሃል» ማለት እንጂ «ወደ ጎን ዝለል» ማለት አይደለም። ዘገምተኛው መስመሩን ይያዝ፤ የሚያልፍበትን ቦታ የሚመርጠው ፈጣኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሾፌሩ ዴቪድሰን በቶዮታ ሃይፐርካር ሳይሆን በዘመኑ ፈጣን ምድብ መኪና ወደ ሙልሳን ኩርባ ሲገባ ከአንድ ጂቲ ፌራሪ ጋር ተነካክቶ መኪናው አየር ላይ ተገለበጠ፤ ሁለት የአከርካሪ አጥንቱ ተሰበረ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የሾፌሩ ኩቢሳ 83 ቁጥር ፌራሪ ሃይፐርካር አንድ ጂቲ3 ሊደርብ ወደ ጎን ሲወጣ፣ አጠገቡ የነበረውን 15 ቁጥር ቢኤምደብሊው ገፍቶ ከአጥሩ ጋር አላተመው። 30 ሰከንድ ተቀጣ።

የፒያሳ ልጅ፦ ቢኤምደብሊው ከውድድር ወጥቶ 30 ሰከንድ ብቻ?

መላሽ፦ መመዘን ያለበት ድርጊቱ ነው፣ መዘዙ አይደለም። ያም ሆኖ በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጎንን ሳያዩ መውጣት በራሱ ከባድ ድርጊት ነው፤ ለእኔ ቅጣቱ አነሰ።

ባምቢስ፦ ሌ ማን ስንት ሰዓት ይጀምራል?

መላሽ፦ ቅዳሜ፣ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት።

አራት ኪሎ፦ ጂቲ3 ውስጥ ብሮንዝ የሚባሉት ባለሙያ ያልሆኑ ሾፌሮች አሉ። ዳኛ አይራራላቸውም?

መላሽ፦ አይራራም። ደንቡ አንድ ነው።

ካዛንቺስ፦ ማታስ? ፈጣኑ መብራት ብልጭ ካደረገ ጂቲ3ው መልቀቅ አለበት አይደል?

መላሽ፦ የባንዲራውን መልስ አንብበው፤ ያው ነው፣ መስመሩን ይያዝ። ማታ ስፖኪዮ ውስጥ የሚታየው መብራት ብቻ ነው፤ ሃምሳ ሜትር ይሁን ሁለት መቶ አይለይም። ለዚህ ነው ብዙ ጂቲ መኪኖች የኋላ ካሜራና ራዳር የሚገጥሙት፤ ስክሪኑ የሚመጣውን መኪና ርቀትና በየትኛው ጎን እንደሚያልፍ በቀስት ያሳያል። ቀስቱ በግራ እያሳየው ወደ ግራ የታጠፈ ጂቲ3 «አላየሁትም» ማለት አይችልም። ቀስቱ ገና ሳይወጣ፣ ጂቲ3ው ፍሬን ይዞ መታጠፍ ከጀመረ በኋላ አፍንጫውን የሰነቀረ ሃይፐርካር ደግሞ መቶ ጊዜ ብልጭ ቢያደርግ አያድነውም።