ግድግዳው ፓናል፣ ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ

ከአዳማ የጻፉልኝ አንድ ጠያቂ እንዲህ ይላሉ፦ «የቤቴን ግድግዳ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የፎም ሳንድዊች ፓናል (በሁለት ስስ ቆርቆሮዎች መካከል ፎም ባለበት ሰሌዳ) አሠርቻለሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ያለው ኮርኒስ ቺፑድ ነው። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይግላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ዝናብ ሳይጥል ጠዋት ጠዋት ከኮርኒሱ ውሃ ይንጠባጠባል። ፓናሉን በ10 ሴንቲ ሜትር ልለውጠው?»

አይለውጡት። 5 ሴንቲ ሜትር ፎም ሙቀትን የሚከላከለው ከ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት በብዙ እጥፍ በተሻለ ሁኔታ ነው፤ ውፍረቱን ቢያጥፉት በግድግዳው የሚያልፈው ሙቀት በግማሽ ገደማ ይቀንስልዎታል፣ ሆኖም የቤትዎ ችግር የሚመጣው ከላይ ነው። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ8 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ወደ አናት ተጠግታ ትውላለች፤ ከግድግዳው ይልቅ የሚጋየው ቆርቆሮው ነው፣ እሱም ትኩሳቱን ወደ ኮርኒሱ ያወርደዋል።

የሚንጠባጠበው ውሃ ከዚያው ከቆርቆሮው የሚወርድ ጤዛ እንጂ የዝናብ ፍሳሽ አይደለም። ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ከምድጃና ከተኙ ሰዎች ትንፋሽ የሚነሣው እርጥብ አየር በኮርኒሱ ስንጥቆች ሾልኮ ሲነካው ውሃ ሆኖ ይወርዳል።

እዚህ ላይ የሥራው ቅደም ተከተል እንዳይዛባ አጥብቄ አሳስባለሁ። ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሙቀት መከላከያውን ገዝቶ ኮርኒሱ ላይ ያነጥፋል፤ ስንጥቁ ካልተደፈነ ግን ከቤት የሚወጣው ሙቀት ስለሚቀንስ ቆርቆሮው በሌሊት ከበፊቱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ ጤዛው ይበዛል፣ ያነጠፉትም ነገር ርሶ ጥቅሙን ያጣል። ስለዚህ አስቀድመው የኮርኒሱን መጋጠሚያዎችና የአምፖል ቀዳዳዎች ከታች በኩል ይድፈኑ፤ የማብሰያውን እንፋሎት በቧንቧ ከጣሪያው በላይ ያውጡት፤ ከዚያም በጣሪያው ሁለት ጫፎች ወንፊት የተገጠመላቸው መተንፈሻዎች ይክፈቱ። ከከተማዋ ውጭ የኃይል ማመንጫ ተርባይኖችን የሚያሽከረክረው የአዳማ ነፋስ በጣሪያና በኮርኒስ መካከል ያለውን ትኩስ አየር ያለ ወጪ ጠርጎ ያወጣልዎታል። 10 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ሱፍ (ከድንጋይ ክሮች የተሠራ የሙቀት መከላከያ) ኮርኒሱ ላይ የሚያነጥፉት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ግድግዳው አየር የሚያስገባ መሆኑን ለመፈተሽ ደግሞ፣ ነፋስ በሚበረታበት ከሰዓት በኋላ እጣን አጭሰው በፓናሎቹ መጋጠሚያዎች አጠገብ ቀስ ብለው ያሳልፉት። ጢሱ በሚታወክበት ቦታ ሁሉ ክፍተት አለና በሚነፋ ፎም ሞልተው ከውስጥ በኩል በሲሊኮን ይዝጉት።

ወደፊት አቅም ሲኖርዎት ጣሪያውን በፓናል ለመለወጥ ካሰቡ፣ ቀላል ጣሪያ በነፋስ የመነሣት አደጋ ስላለበት ተሸካሚ ብረቶቹንና ማሰሪያቸውን አስቀድመው ያስፈትሹ። የፎም ፓናል ባለበት አጠገብ ብየዳ ፈጽሞ አይፍቀዱ፤ ፎሙ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል፣ ብልጭታ ቢያገኘውም በቆርቆሮው ውስጥ ሳይታይ ሊቀጣጠል ይችላል። የኤሌክትሪክ ሽቦዎችም ፎሙን ከነኩ ልባሳቸው ከጊዜ ብዛት ይደርቃልና በቧንቧ ውስጥ ያሳልፏቸው።