ድረ ገጹ ከታደሰ በኋላ ከጉግል የሚመጣው ገዢ ለምን ጠፋ?

ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ ካሉ ሸማኔዎች ጋር እየሠራን የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ በኦንላይን እንሸጣለን። ገዢዎቻችን በአብዛኛው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ያሉ ናቸው። የድሮው ድረ ገጻችን ባያምርም ከጉግል በየቀኑ ሰው ይመጣበት ነበር። ከሦስት ወር በፊት በትልልቅ ፎቶዎች አሳምረን በአዲስ አሠራነው። ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ የሚመጣው ከቴሌግራም ብቻ ነው። ዕቃ የምንለጥፈው እንደ ቴሌግራሙ "ኮድ 045፣ የሚያምር ቀሚስ፣ ዋጋ በኢንቦክስ" እያልን ነው። አሁን አንድ ድርጅት "በአንድ ወር ውስጥ ጉግል የመጀመሪያ ገጽ ላይ እናወጣችኋለን" ብሎ ጠቀም ያለ ገንዘብ ጠይቆናል። እንክፈል?

መልስ፦ አይክፈሉ። ቢያንስ ችግሩ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አይክፈሉ። ከጻፉልኝ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ ጊዜው ነው። ተፎካካሪ በልጦዎት ቢሆን ኖሮ ገዢው የሚቀንሰው ቀስ በቀስ ነበር። የእርስዎ ግን ድረ ገጹ በተቀየረ ሰሞን ድርግም አለ። እንዲህ ሲሆን ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በለውጡ ወቅት የተረሳ ነገር ነው። ብዙ ወጪ ሳያስወጣም ይስተካከላል።

መጀመሪያ ጉግል አዲሶቹን ገጾች ጭራሽ ያውቃቸው እንደሆነ ይዩ። መፈለጊያው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል "ሳይት" (site) ብለው ይጻፉ፤ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ (:) ያስከትሉ፤ ክፍት ቦታ ሳይተዉ የድረ ገጽዎን አድራሻ ይጨምሩ። ጉግል የያዛቸውን ገጾች ያሳይዎታል። ሁሉንም ላያወጣ ይችላል፤ ለመጀመሪያ ምርመራ ግን ይበቃል። ምንም ካልመጣ ድረ ገጹ ለጉግል ተዘግቷል ብለው ይጠርጥሩ። የመጡት የድሮ ገጾች ሆነው ሲነኳቸው "ገጹ አልተገኘም" ካሉ ደግሞ ችግሩ አድራሻው ላይ ነው። ሁለቱም በአንድ ላይ ሊያጋጥሙ ይችላሉ።

ከመዘጋቱ ልጀምር። ድረ ገጽ ሠሪ ሥራው ሳያልቅ ጉግል እንዳይመዘግበው "ኖኢንዴክስ" የሚባል ትእዛዝ ያስገባል። ይሄ ትክክለኛ አሠራር ነው። ጣጣው የሚመጣው ድረ ገጹ ሥራ ሲጀምር ትእዛዙ ሳይነሳ ከቀረ ነው። በዎርድፕሬስ የተሠራ ከሆነ "ሴቲንግስ" ውስጥ "ሪዲንግ" የሚለውን ይክፈቱ። የፍለጋ ሞተሮች ድረ ገጹን እንዳይመዘግቡ የምትጠይቅ ሳጥን አለች። ምልክት ካለባት አንስተው ሴቭ ያድርጉ። በሌላ ሲስተም ከሆነ ሠሪውን ሁለት ነገር ይጠይቁት፤ ኖኢንዴክስ ቀርቷል ወይ? ሮቦትስ የሚባለው ፋይልስ የሚከለክለው ገጽ አለ? ሁለቱን ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። የሮቦትስ ፋይል ጉግል ገጹን እንዳይከፍተው ያደርጋል። ካልከፈተው ውስጡ የተጻፈውን አያነብም፤ ኖኢንዴክሱ መኖሩንም መነሳቱንም አያውቅም።

የእኔ ግምት ግን ወደ አድራሻው ያደላል። የድሮው የሙሽራ ቀሚስ ገጽ የራሱ አድራሻ ነበረው። ጉግል ያንን አድራሻ ለረጅም ጊዜ ያውቀዋል። ሰዎችም ፌስቡክ ላይ ለጥፈውት፣ ለጓደኛ ልከውት ይሆናል። አዲሱ ሲሠራ አድራሻው ከተቀየረ፣ ነገሩ ሱቅ ቀይሮ የድሮው በር ላይ "ወደዚህ ተዛውረናል" የሚል ማስታወቂያ ሳይለጥፉ እንደ መሄድ ነው። ደንበኛው ይመጣል፤ በሩ ዝግ ነው፤ ይመለሳል። የድሮው ገጽ ጉግል ዘንድ ያተረፈው ቦታም ለአዲሱ አይተላለፍም።

ማስታወቂያው በእኛ ሥራ "ሪዳይሬክት" ይባላል፤ ቁጥሩ 301 ነው። ገጹ በቋሚነት ተዛውሯል ማለት ነው። 302 የሚባልም አለ፤ እሱ ለጊዜያዊ ዝውውር ስለሆነ ለእርስዎ አይሆንም። እያንዳንዱ የድሮ አድራሻ አቻው ወደሆነው አዲስ ገጽ ይጠቁም። የሙሽራው ወደ ሙሽራው፣ የጋቢው ወደ ጋቢው። አንዳንድ ሠሪዎች ሥራ ለማቅለል ሁሉንም ወደ መነሻ ገጹ ይልኩታል። ይሄን እሺ አይበሉ። ጉግል እንዲህ ያለውን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጠፋ ገጽ ነው የሚቆጥረው።

የድሮ አድራሻዎቹን ከየት ላምጣ ይሉኝ ይሆናል። ጉግል ሰርች ኮንሶል ላይ ተመዝግበው ከነበረ እዚያ አሉ። ድረ ገጽዎ ጉግል ፍለጋ ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳይ የጉግል አገልግሎት ነው፤ ነፃ ነው፤ የ16 ወር መረጃ ይይዛል። "ፐርፎርማንስ" ውስጥ ገብተው ቀኑን ከለውጡ በፊት ወደነበረው ጊዜ ይመልሱና "ፔጅስ" የሚለውን ይጫኑ። ብዙ ሰው ያመጡ የነበሩት ከላይ ይደረደራሉ። ተመዝግበው ካልነበረ የኢንተርኔት አርካይቭ "ዌይባክ ማሽን" ላይ አድራሻዎን ያስገቡ፤ የድሮው ድረ ገጽ ቅጂ ሊገኝ ይችላል። የራስዎን የቴሌግራም ቻናልም ወደ ላይ እየሳቡ ይዩት፤ ድሮ የለጠፏቸው ሊንኮች እዚያው ናቸው። ሁሉንም ባያገኙ አይጨነቁ። ብዙ ገዢ ያመጡ ከነበሩት ይጀምሩ።

ዎርድፕሬስ ላይ "ሪዳይሬክሽን" የሚባል ነፃ ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) አለ። የድሮውን በአንድ በኩል፣ አዲሱን በሌላ በኩል መጻፍ ነው። ከዚያ ሳይትማፑን፣ ማለትም የገጾችዎን ዝርዝር የያዘውን ፋይል፣ ሰርች ኮንሶል ላይ ያስገቡ። ዋና ዋና ገጾችን ደግሞ "ዩአርኤል ኢንስፔክሽን" ላይ አንድ በአንድ አስገብተው "ሪኩዌስት ኢንዴክሲንግ" የሚለውን ይጫኑ። ለውጡ በማግስቱ አይታይም፤ ጉግል ገጾቹን ዳግም ዞሮ ለማየት ሳምንታት ሊፈጅበት ይችላል። በዚህ መሃል ተስፋ ቆርጠው አድራሻ ደግመው እንዳይቀይሩ። ሪዳይሬክቱን ቢያንስ ለ1 ዓመት ማቆየት ጉግል ራሱ የሚመክረው ነው። እኔ ግን ከቻሉ ጨርሶ አያንሱት እላለሁ።

እዚህ ላይ በጣም የሚያሳስበኝን ነገር ልጠይቅዎ። ዶሜይኑ (የድረ ገጹ ስም)፣ ሆስቲንጉ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት አገልግሎት) እና ሰርች ኮንሶሉ በማን ኢሜይል ነው የተመዘገቡት? እኛ አገር ብዙ ጊዜ ሁሉም በሠሪው ኢሜይል ይሆናል። እሱ ስልክ ማንሳት ያቆመ ቀን፣ ወይም አገር የቀየረ ቀን፣ ባለቤቱ የራሱን ድረ ገጽ መንካት አይችልም። ዛሬውኑ ያጣሩ። ዶሜይኑ በእርስዎ ስም ይሁን። ሰርች ኮንሶል ላይ "ኦነር" እርስዎ ይሁኑ፤ ለሠሪው የሥራ ፈቃድ የሚሰጡት እርስዎ እንጂ እሱ ለእርስዎ አይሁን።

ስለ ድርጅቱም እዚሁ ልጨርስ። በጉግል አንደኛ አደርግሃለሁ ብሎ ዋስትና መስጠት የሚችል ማንም የለም። ይሄን የሚለው ጉግል ራሱ ነው። ይልቅ ምን እንደሚሠሩ አንድ በአንድ እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። "ከብዙ ድረ ገጾች ሊንክ እንገዛልዎታለን" ካሉ ይሸሹ። ጉግል የተገዛ ሊንክን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ፔንግዊን በተባለው ማሻሻያ ሲያጠቃ ቆይቷል፤ የሚጎዳውም የእርስዎ ድረ ገጽ ነው። "ኪወርድ ታግ እንሞላለን" (በገጹ ኮድ ውስጥ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር እንጽፋለን) ካሉም ገንዘብዎን ይያዙ። ጉግል ያንን ታግ ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው በይፋ የተናገረው።

አሁን ወደ "ኮድ 045" እንምጣ። በቴሌግራም ሰው ፎቶውን አይቶ ይጠይቅዎታል፤ ስለዚህ ያስኬዳል። ለጉግል ግን ገጹ ባዶ ነው። ሜሪላንድ ያለች ልጅ ለእህቷ ሠርግ ስትፈልግ ኮድ አትጽፍም። የምትጽፈው ነጭ፣ ረጅም እጅጌ፣ ወርቃማ ጥለት፣ የሙሽራ እያለች ነው። ርዕሱን "የሙሽራ የሐበሻ ቀሚስ፣ በእጅ የተሸመነ መነን፣ ወርቃማ ጥለት" ዓይነት ያድርጉት። ኮዱ ከታች ይቀመጥ። ከርዕሱ ሥር ደንበኛ ሁልጊዜ በስልክ የሚጠይቅዎትን ይጻፉ። ጥለቱ በእጅ ነው ወይስ የማሽን ጥልፍ? ልኬት እንዴት ይላካል? ተሠርቶ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጃል? ሲታጠብ ቀለም ይለቃል ወይ? ከሸማኔው አጠገብ ስላሉ መልሱ በእጅዎ ነው። ፎቶ ብቻ ከሌላ የሚገለብጥ ሱቅ ይሄን መጻፍ አይችልም።

ዋጋውንም ይጻፉ። ይሄን ስል ብዙ ነጋዴ ይከፋዋል፤ ተፎካካሪ ያያል ይሉኛል። ተፎካካሪው ግን ኢንቦክስ ገብቶ ሊጠይቅዎ ይችላል። የማይጠይቀው ገዢው ነው። ዲሲና አዲስ አበባ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ይለያያሉ፤ እሷ ከሥራ ገብታ ማታ ዋጋ ስትጠይቅ እርስዎ ተኝተዋል። ዋጋው ገጹ ላይ ካለና ሠሪው "ስትራክቸርድ ዳታ" በሚባለው፣ ጉግል መረጃውን ለይቶ እንዲረዳው በሚያደርገው የኮድ አጻጻፍ ካስገባው፣ ጉግል ዋጋውንና ዕቃው መኖሩን ከፍለጋ ውጤቱ ጋር ሊያሳይ ይችላል።

ፎቶዎቹን ቀለል ያድርጓቸው። በቀጥታ ከካሜራ የወጣ ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ነው፤ ለድረ ገጽ ዌብፒ በሚባለው ዓይነት ከ200 ኪሎባይት በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ጉግል የሚመዝነው በስልክ የሚታየውን ገጽ ነው፤ ዋናው ፎቶ በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይም ይመክራል። መነሻ ገጹ ላይ የሚንሸራተቱ ትልልቅ ፎቶዎች ካሉ አንዱን ብቻ ያስቀሩ። ፎቶ ላይ የተጻፈውን ዋጋና ስም ደግሞ እንደ ጽሑፍ ገጹ ላይ ይድገሙት። "አልት" በሚባለው ቦታ ፎቶው ላይ የሚታየውን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይግለጹ።

ቋንቋውስ? እዚያ ያደጉ ልጆች የሚፈልጉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛና የአማርኛ ገጾችን ለየብቻ ይሥሩ፤ "ኤችሬፍላንግ" በሚባለው፣ ገጾቹ የአንድ ገጽ የተለያየ ቋንቋ ቅጂዎች መሆናቸውን ለጉግል በሚናገረው ምልክት እርስ በርስ ያገናኟቸው። ገጹን እዚያው የሚተረጉም ቁልፍ ብቻ መግጠም ለጉግል አዲስ ገጽ አይፈጥርም። በአማርኛው ላይ አንዱ "ሐበሻ"፣ ሌላው "ሀበሻ" ብሎ ይጽፋል፤ በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው። ሁሉንም ርዕስ ላይ አይደርድሩ። ሰርች ኮንሶል ላይ "ኩዌሪስ" የሚለው ሰው በየትኛው እየጻፈ እንደመጣ ያሳይዎታል፤ በብዛት የመጣውን ርዕስ ላይ፣ ሌላውን ጽሑፉ ውስጥ ያስገቡት። ወደፊት ለሚከፍቷቸው ገጾች አድራሻውን በላቲን ፊደል አጭር ያድርጉት። ጉግል የአማርኛ አድራሻ ያነባል፤ ግን ኮፒ ሲደረግ ብዙ ጊዜ አንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይለወጣል። "የሐበሻ ቀሚስ" ብቻ 63 ምልክት ሆኖ ቴሌግራም ላይ ያርፋል። ሰው እንዲህ ያለ ሊንክ መንካት ይፈራል።

የእርስዎ ሥራ አንድ የተለየ ባሕርይ አለው። ብዙው ቀሚስ አንድ ፍሬ ነው፤ ሲሸጥ ገጹ ይጠፋል። አያጥፉት። "ተሽጧል፤ በዚህ ዲዛይን በትእዛዝ እንሠራለን" ብለው ያቆዩት፤ ከሥሩ ተመሳሳዮቹን ያሳዩ። ጉልበትዎን ደግሞ በማይጠፉት ገጾች ላይ ያፍስሱ፤ የሙሽራ፣ የእናትና ልጅ፣ የወንዶች፣ የጥምቀት፣ የእንቁጣጣሽ። ለ2018 አንድ የእንቁጣጣሽ ገጽ፣ ለ2019 ሌላ አይክፈቱ። አድራሻው ዓመተ ምሕረት የሌለበት አንድ ገጽ ይሁን፤ በየዓመቱ ውስጡን ብቻ ያድሱት። ቀሚሱ ተሸምኖ፣ ተሰፍቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ስለሚደርስ ገዢዋ ቀድማ ነው የምትፈልገው። የእንቁጣጣሹን በሰኔ፣ የጥር ሠርጉን በመስከረም አድሰው ይጨርሱ። የድሮ አድራሻዎቹን ሲያዛምዱ አቻ ያላገኙላቸው ካሉ ዝርዝሩን ይላኩልኝ፤ የትኛው ወደ የት ይሂድ የሚለውን አብረን እናየዋለን።