ቋንቋውን ሳንሰማ «ጃጃ»ን ለምን እናንጎራጉራለን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። የፈረንሳዊቷን ዘፋኝ የአያ ናካሙራን «ጃጃ» መስማት ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ግን እስካሁን አልሰለቸኝም። ፈረንሳይኛ አንዲት ቃል እንኳ አልሰማም። ጓደኛዬ «የማትሰሚውን ቋንቋ መውደድ ዝም ብሎ ፋሽን መከተል ነው፤ ዘፈኑም አንደኛ የወጣው የፈረንሳይ ሬዲዮዎች በሕግ ስለሚገደዱ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው? ደግሞስ ስለ ምንድን ነው የምትዘፍነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ እሱን ካወቅሽ በኋላ ዘፈኑ እንደ ድሮው አይሰማሽም። ጃጃ ዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ መጠሪያ ነው። ከዘፋኟ ጋር ተኝቻለሁ እያለ ያወራል፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ጆሮዋ ይደርሳል፣ እሷም ፊት ለፊት ታፋጥጠዋለች። አታለቅስም፣ አትለምንም፣ ውሸትህን ነው ትለዋለች፣ በቃ። ምቱ ለጭፈራ የሚጋብዝ ስለሆነ ብዙ ሰው የፍቅር ዘፈን ይመስለዋል። እኔ ግን የምወደው ለዚህ ነው፦ ስሟ የጠፋባት ሴት አንገቷን ሳትደፋ ስትመልስ ትሰሚያለሽ፣ ያውም እየተጨፈረ።

ወደ ሬዲዮው ስንመጣ ጓደኛሽ ግማሽ እውነት ይዟል። ፈረንሳይ ውስጥ በ1994 ወጥቶ ከ1996 መጀመሪያ አንስቶ ሥራ ላይ የዋለ ሕግ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ሬዲዮዎች ከሚያጫውቷቸው ዘፈኖች ቢያንስ 40 በመቶው ፈረንሳይኛ እንዲሆን፣ የዚያም ግማሹ ከአዳዲስ ድምፃውያን ወይም ከአዳዲስ ሥራዎች እንዲመጣ ያዝዝ ነበር። በኋላ ላይ ተሻሽሏል። ሕጉ ለፈረንሳይኛ ዘፋኞች በር መክፈቱ አይካድም። ነገር ግን የፈረንሳይ ሳምንታዊ የነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ የሚሠራው በሽያጭና በስትሪሚንግ (ሰው በኢንተርኔት በሚያዳምጠው) ነው፤ ሬዲዮ ዘፈኑን ስንቴ አጫወተው የሚለው እዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ሬዲዮ ሊያስተዋውቅሽ ይችላል፣ ስልክሽን አውጥተሽ ደጋግመሽ እንድትሰሚው ግን ማንም አያስገድድሽም።

ደግሞ ኔዘርላንድን እንይ። «ጃጃ» ኤፕሪል 6 ቀን 2018 ወጣ፣ ፈረንሳይ ውስጥ አንደኛ ሆነ፣ በዚያው ዓመት ኔዘርላንድም አንደኛ ወጣ። እዚያ የፈረንሳይ ሕግ አይሠራም፣ አብዛኛው ሰውም ቤቱ የሚያወራው ደችኛ ነው። ከፈረንሳይ የመጣች ሴት ዘፋኝ ኔዘርላንድ ውስጥ አንደኛ ስትወጣ ከኤዲት ፒያፍ ወዲህ፣ ማለትም ከ1961 ወዲህ፣ የመጀመሪያዋ ነበረች። ሃምሳ ሰባት ዓመት! ይህን ደግሞ የሰጣት ሕግ ሳይሆን የሰው ጆሮ ነው።

ለምን ያዘን ካልሽኝ፣ እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ ራሱ ስሙ ውስጥ አለ። ጃ-ጃ። ሁለት ድምፅ፣ የማንም አፍ የሚይዘው። ትርጉሙን የማታውቅ ሕፃን እንኳ አብራ ትለዋለች። ከዚያ ቃላቱን ከምቱ ጋር የምታስኬድበት መንገድ አለ፤ ያለ ግጥሙም ንዴቷና ኩራቷ ይሰማሻል። አያ የተወለደችው ባማኮ፣ ማሊ ውስጥ ነው፣ ያደገችው ደግሞ ከፓሪስ ወጣ ብላ ባለችው ኦልኔ ሱ ቧ፣ እናቷም ግሪዮ ናት። ግሪዮ ማለት በምዕራብ አፍሪካ ታሪክና የቤተሰብ ስም በዜማ የሚያወርስ ሰው ነው፣ እኛ አዝማሪ እንደምንለው ዓይነት። ቃልን በዜማ ማስኬድ ከቤት የመጣ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

«ይሄማ ፈረንሳይኛ አይደለም» የሚሉም አሉ፣ የሰፈር ቋንቋ ስለምትቀላቅል። በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ መክፈቻ ልትዘፍን ነው ሲባል የዘረኝነት ዘመቻ ተከፈተባት፣ እዚህ ፓሪስ ነው፣ የባማኮ ገበያ አይደለም የሚል መልእክት ያለው ባነር ሁሉ ወጣ። ጁላይ 26 ደረሰ፣ ዘፈነችም። የወጣችው የፈረንሳይኛን ቋንቋ የሚጠብቀው አካዳሚ ከሚገኝበት ሕንፃ ነበር፣ አብሯት የተጫወተው ደግሞ የሪፐብሊካን ዘብ የሙዚቃ ጓድ ነው። ከዘፈነቻቸው መካከል «ጃጃ» አለበት። ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅሽም።

ስለዚህ ፋሽን መከተል አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልምከርሽ፦ በ2020 ከኮሎምቢያዊው ማሉማ ጋር የሠራችው ሪሚክስ አለ፣ እሱን ከመስማትሽ በፊት ብቻዋን የዘፈነችውን ግጥሙን በትርጉም እያነበብሽ አንድ ጊዜ ስሚው።

ጥያቄ፦ ከእሷ በፊት በፈረንሳይኛ ተዘፍኖ ከፈረንሳይ ውጭ አንደኛ የወጣ አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ፣ ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ። በ1963 መጨረሻ አንዲት ቤልጂየማዊት መነኩሲት የዘፈነችው «ዶሚኒክ» አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሆኖ ለአራት ሳምንት ቆይቷል። በ1969 የሰርዥ ጌንስቡርና የጄን በርኪን ዘፈን ቢቢሲ አላጫውትም ብሎት ሳለ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ፤ የሬዲዮ ነገር እዚህም ተገልብጦ ታዩታላችሁ። ለእኛ ጊዜ የሚቀርበው ደግሞ የስትሮማይ «አሎር ኦን ዳንስ» ነው። በ2009 ቤልጂየም ውስጥ ወጣ፣ በቀጣዩ ዓመት ጀርመንን ጨምሮ በብዙ የአውሮፓ አገሮች አንደኛ ሆነ። እሱም ቢሆን ሰው የጨፈረበት ስለ ሥራ፣ ስለ ዕዳና ስለ ፍቺ እያወራ ነው።