ባሕር መሃል ያሉት ተርባይኖች ምን ላይ ቆሙ?

ጥያቄ፦ አዳማ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች በየቀኑ ያያሉ። ወንድሜ ከኮፐንሃገን የላከልኝን፣ ባሕር መሃል የቆሙ ተርባይኖች ያሉበትን ፎቶ ባሳያቸው «መምህር፣ ምን ላይ ቆመው ነው የማይሰጥሙት?» አሉኝ። መልስ አጣሁላቸው። ደግሞስ መሬት እያለ ባሕር መግባት ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ መምህርት፣ ወንድምዎ ያነሳው ሚደልግሩንደን የተባለውን የነፋስ ኃይል ማመንጫ ይመስለኛል። ወደ ሥራ በብስክሌት ስሄድ፣ ኮፐንሃገን ካለው ከአማገር ደሴት ዳርቻ በየጠዋቱ አየዋለሁ፤ እንደ ቀስት ጎበጥ ብለው የተሰለፉ 20 ተርባይኖች ናቸው።

አይንሳፈፉም። እዚያ ቦታ ላይ የባሕሩ ወለል ከፍ ስለሚል ጥልቀቱ ከ3 እስከ 5 ሜትር ብቻ ነው። ሰፊ የኮንክሪት መሠረት የብስ ላይ ተሠርቶ፣ በባሕር ተወስዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ማቶት ጀበናን እንደሚይዝ መሠረቱ ተርባይኑን ይይዛል፤ መሠረቱን ራሱን ወለሉ ላይ የያዘው ክብደቱ ነው። ከውሃው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሾጣጣ የሆነው በብርዱ ወራት የሚመጣውን በረዶ እንዲሰባብር ነው። ጥልቀቱ ሲጨምር ወፍራም የብረት ቱቦ ወለሉ ውስጥ በመዶሻ ይተከላል። ከ60 ሜትር ገደማ ሲያልፍ ግን ተርባይኑን ማንሳፈፍ ይመጣል፣ ወጪውም ይንራል። በእንግሊዝና በዴንማርክ መካከል ያለው ሰሜን ባሕር ለተርባይኖች የተመረጠው ጥልቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ነው፤ ዶገር ባንክ የሚባለው ቦታ ከእንግሊዝ ዳርቻ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆም ጥልቀቱ አንዳንድ ቦታ 20 ሜትር እንኳ አይሞላም።

ለምን ባሕር? ዴንማርክ የአዳማን ኮረብታ የመሰለ የላትም። ከፍተኛ ቦታዋ 171 ሜትር ብቻ ነው። ባሕር ላይ ነፋሱን የሚሰብር ዛፍም ቤትም የለም። ይህን ሰሌዳ ላይ ይጻፉላቸው፦ የነፋሱ ፍጥነት በሰከንድ ከ6 ወደ 8 ሜትር ቢያድግ ኃይሉ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በጨው የሚዝግ ብረትና ለጥገና በጀልባ መመላለስ ቢኖርም የሚያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው። ልጆቹ ግን በራሳቸው ኮረብታ ይኩሩ፤ ሚደልግሩንደን 40 ሜጋዋት ሲሆን አዳማ ሁለት የተባለው የእናንተው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 153 ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ባለቤትነቱ ነው። መጀመሪያ የታቀደው 27 ተርባይን በሦስት ረድፍ ነበር፤ ሕዝቡ ተቃውሞ ነው ወደዚህ የተቀየረው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ሲጀምር ግማሹ ከ8,000 በላይ አባላት ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ሆነ። ጎረቤቴ አንዲት አሮጊት አክሲዮን አላቸው። የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ባሕር ዳር ሲወርዱ በጣታቸው እያሳዩ «ያቺ የእኛ ናት» ይሏቸዋል።