ስም ከማውጣትሽ በፊት ወንዱን ፈልጊ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቦንጋ አካባቢ ካለ የቡና ደን የረገፈ ቅጠል በወንፊት ስትነፊ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር የማትሞላ ቀይ ቡናማ ጥንዚዛ አገኘሽ። ያሉሽን መለያ ጽሑፎች ሁሉ ብታገላብጪም እሷን የሚመስል አጣሽ። «አዲስ ዝርያ ናት ብዬ ስም ላውጣላት? ፎቶውና ይቺ አንድ ናሙና ይበቃሉ?» ነው ያልሽው።

አዲስ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። ለስሙ ግን ገና ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ከራሴ ሥራ ልንገርሽ። እኔም ሐረና ደን ውስጥ ባገኘኋት አንዲት ጥንዚዛ አራት ዓመት ደክሜያለሁ።

በፎቶሽ ላይ የላይ ክንፎቿ አጫጭር ናቸው፤ ሆዷ ከኋላ ተርፎ ይታያል። የአንቴናዋ ጫፍም እንደ ዱላ ራስ አብጧል። ይህ ፕሴላፊኔ የሚባለው ንዑስ ቤተሰብ መልክ ነው። በጨረፍታ ሲያዩአቸው ጉንዳን ይመስላሉ። ብስባሽ ቅጠል ውስጥ ከራሳቸው ያነሱ የአፈር ፍጥረታትን እያደኑ ይኖራሉ። ስም ያገኙት ብቻ ከ10,000 ዝርያ በላይ ናቸው። ችግሩ ሴቶቹ እጅግ መመሳሰላቸው ነው። ዝርያን ከዝርያ የሚለየው ምልክት ብዙውን ጊዜ ወንዱ ላይ ነው ያለው፤ በአንቴናው፣ በእግሩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በመራቢያ አካሉ ቅርጽ።

እኔ ከመጀመሪያው ጉዞ 14 ናሙና ይዤ ተመለስኩ። ማይክሮስኮፕ ሥር ሳያቸው 13ቱ ሴት ሆነው ተገኙ። ያንን አንድ ወንድ ሞቅ ባለ ውኃ አለስልሼ የሆዱን ጫፍ ለየሁ። 10 በመቶ በሆነ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ሥጋው እስኪሟሟ አቆየሁት። የሚቀረው ጠንካራው አካል ከሚሊ ሜትር ሲሶ አይበልጥም። ወደ ግሊሰሪን ጠብታ ሳሻግረው ከመርፌዬ ጫፍ ተስፈነጠረና ጠፋ። ጠረጴዛውንም ወለሉንም ሁለት ቀን በአጉሊ መነጽር ፈተሽኩ። አላገኘሁትም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ስለዚህ አደራ፣ መጀመሪያ በብዛት በምታገኚው ተራ ዝርያ ላይ ተለማመጂ። ስታሻግሪውም ከነፈሳሹ በጠብታ ውሰጂው፤ በደረቅ መርፌ አትያዥው።

በዓመቱ ተመለስኩ። ቅጠሉን በወንፊት ነፍቼ ዊንክለር በሚባለው የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ለሦስት ቀን ሰቀልኩት። መብራት አይፈልግም። ቅጠሉ እየደረቀ ሲሄድ ነፍሳቱ እርጥበት ፍለጋ ይንከራተቱና ታች ወዳለው አልኮል ይወድቃሉ። በዚህ መንገድ ዘጠኝ ወንድ አገኘሁ። አምስቱ ከታችኛው የቡና ደን፣ አራቱ ከላይ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ከሚጀምርበት ወሰን። የሁለቱ ቦታ ወንዶች መራቢያ አካል ጨርሶ አይመሳሰልም። ሁለት ዝርያዎች ነበሩ! ሴቶቹን ግን ዛሬም በዓይኔ አልለያቸውም። በመጀመሪያዎቹ 14 ብቻ ስም አውጥቼ ቢሆን ኖሮ ሁለት ፍጥረት በአንድ ስም እጠራ ነበር። ለዚህ ነው አንድ ናሙና አይበቃም የምልሽ። ከተቻለ ጥቂቶቹን 96 በመቶ አልኮል ውስጥ ለዲኤንኤ አስቀምጪ። ሴቶቹን ከየወንዶቻቸው ጋር ለማዛመድ ይረዳሻል።

ቀጥሎ የሚመጣው ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው። አንቺ ጋ የሌለ ሁሉ አዲስ አይደለም። አገራችን ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ጥንዚዛ ተሰብስቧል። እ.ኤ.አ. በ1926 እና 1927 ብቻ እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሂዩ ስኮትና ጓዶቹ ብዙ ነፍሳት ሰብስበው ወደ እንግሊዝ ወስደዋል። የድሮዎቹ ገለጻዎች አንዳንዶቹ በላቲን የተጻፉ አራት አምስት መስመሮች ናቸው። እነሱን አንብቦ መወሰን አይቻልም። ስሙ የተሰጠበትን ናሙና ራሱን፣ ካልሆነም ጥሩ ፎቶውን ማየት አለብሽ። እኔ ለአንድ ሙዚየም ጽፌ መልሱ በሰባተኛው ወር ነው የመጣው። መሳቢያ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1964 እና 1965 የተሰበሰበችው ኔሎፕቶዴስ ግሬቴ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰች፣ ዓይንም ክንፍም የሌላት ጥንዚዛ ናት። ለንደን በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጣ ስም ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

ስለ መለያ ወረቀት ካልነገርኩሽ ይቆጨኛል። እኔ ቀኑን በለመድነው አቆጣጠር 12.02.2006 ብዬ ጽፌ ነበር። ጥቅምት 12 ማለቴ ነው። ውጭ ያለው ባልደረባዬ ግን የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2006 ብሎ አነበበው። ወቅቱም ዓመቱም ተዛባ። አሁን ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወሩን በሮማ ቁጥር፣ ዓመቱን በአራት አሃዝ እጽፋለሁ። ከፍታና የጂፒኤስ ነጥብም አትርሺ። ወረቀቱ ከእኛ በኋላ የሚኖር ምስክር ነው።

ፈቃዱን ደግሞ ከመውጣትሽ በፊት ጨርሺ። ፓርክ ውስጥ ከሆነ የፓርኩን ፈቃድ ያዥ። ናሙና ወይም ዲኤንኤ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ቀድመሽ ጠይቂ።

ወደ ስሙ ስንመጣ፣ የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ለሚወጣ አዲስ ዝርያ ሆሎታይፕ፣ ማለትም ስሙ የሚታሰርበት ዋና ናሙና፣ የሚሆነው አንድ ናሙና ተለይቶ መጠቀስ አለበት። የት እንደሚቀመጥም መጻፍ አለበት። በኢንተርኔት ብቻ የሚወጣ መጽሔት ላይ ከሆነ ደግሞ ሥራው ዙባንክ በሚባለው የእንስሳት ስሞች የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ይመዘገባል። የፌስቡክ ጽሑፍ አይቆጠርም። የመመረቂያ ጽሑፍሽ ላይም ስሙን አትጻፊው፤ «ዝርያ 1» ብለሽ እለፊው። ያለበለዚያ ስሙ ጸደቀ አልጸደቀ የሚል ጭቅጭቅ ውስጥ ትገቢያለሽ። ሆሎታይፑን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የሥነ እንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ብታስቀምጪው ደስ ይለኛል። የጅማ ተማሪ የከፋን ጥንዚዛ ለማየት ቪዛ መጠየቅ የለበትም። ፓራታይፖቹን፣ ማለትም ከሆሎታይፑ ጋር በገለጻው የሚጠቀሱትን ሌሎች ናሙናዎች፣ ለሌሎች ሙዚየሞች ማካፈል ይቻላል።

ስሙ የግድ ግሪክ ወይም ላቲን መሆን የለበትም። ዋልያችን በሳይንስ ካፕራ ዋሊዬ የምትባለው በአገር ቤት መጠሪያዋ ነው። በከፊኛም በአማርኛም ማውጣት ትችያለሽ፤ በላቲን ፊደል ተጽፎ ይጸድቃል። በራስሽ ስም ግን አትሰይሚ፤ በሙያው ነውር ነው።

አሁን ወደዚያው ደን ተመለሺ። መጀመሪያ ካገኘሽበት ዛፍ ሥር ጀምረሽ ከፍታውን እየለዋወጥሽ ንፊ። ወንድ ስታገኚ አንቴናውን ከላይና ከጎን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። የመራቢያ አካሉን ለማውጣት አትቸኩይ። አዲስ አበባ ስትመጪ ይዘሽው ነይ፣ የመጀመሪያውን አብረን እናወጣዋለን።