ለወረቀቱ የነገረውን ለእኔ ለምን አልነገረኝም?

ደብዳቤው የመጣው ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ አካባቢ ነው። ማንነት የሚጠቁመውን ቀይሬ፣ አሳጥሬ ላቅርበው።

«ባለቤቴ ሐኪም ነበር። በ60 ዓመቱ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆነው። እኔም እንደ ሰዉ ‹ዶክተር› ነው የምለው። ሠላሳ ዓመት ‹ዲዩቲ ነኝ› እያለ ብቻዬን በላሁ፣ ብቻዬን በዓል ዋልኩ። ጡረታ ሲወጣ ‹እፎይ፣ አሁንስ የእኔ ሆነ› አልኩ። እሱ ግን ደራሲ እሆናለሁ ብሎ ክፍሉን ዘጋ። የግል ክሊኒኮች ሲጠሩት እምቢ አለ። ልጆቹ ‹አባዬ ምን ነካው?› ይሉኛል። የምትተይብለት ልጅ የእጅ ጽሑፉን ማንበብ ስላቃታት የማነብላት እኔ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ገጽ ላይ ራሴን አገኘሁት። የመጀመሪያ ልጃችንን ሳምጥ፣ እሱ ሌላ ክፍል ውስጥ ሌላ ሴት ኦፕራሲዮን እያደረገ ነበር። ስለዚያ ሌሊት አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። ደብተሩ ላይ ግን ‹ሲነጋ ሐይቁ ዳር ቆሜ አለቀስኩ› ይላል። ለወረቀቱ የነገረውን ለእኔ ለምን አልነገረኝም? ታሞ ይሆን? ላስቆመው?»

እትዬ፣ ከጻፉልኝ ውስጥ ሕመም የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። ባለቤትዎ እንቅልፍ ካጡ፣ ምግብ ከዘጉ፣ ሰው ከሸሹ፣ ወይም «መኖሬ ምን ይጠቅማል» ማለት ከጀመሩ ሌላ ነው። ያኔ ሐኪም ይያቸው። ራሴን አውቃለሁ ይላሉና (ሐኪም ሁሉ እንዲሁ ነው) እሺ አይበሏቸው።

ልጆቹን ደግሞ እንዲህ ይበሏቸው። ሩሲያዊው ቼኾቭ ሐኪም ነበር። አዲስ አበባ የተወለደው አብርሃም ቬርጌሴም ሐኪም ነው፣ ደራሲም ነው። ሁለቱም ግን ሕክምናውን ሳይተዉ ነው የጻፉት። ባለቤትዎ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ክሊኒክ ቢውሉ ድርሰቱ አይሞትም። ከፈለጉ ነው ታዲያ። ለደመወዙ ብላችሁ አትግፏቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። ወረቀት «የት ነበርክ?» አይልም። አያኮርፍም፣ አያለቅስም። ባለቤትዎ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ፊት እንዳይንቀጠቀጡ የሠለጠኑ ሰው ናቸው። እጃቸው ከአፋቸው ቢቀድም አይግረምዎ። ጄምስ ፔኔቤከር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረባው ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ። ተማሪዎች አራት ቀን በተከታታይ፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው ጻፉ። እንደጻፉ ስሜታቸው ከበፊቱ ባሰ። በቀጣዮቹ ወራት ግን፣ የሆነውንም የተሰማቸውንም አጣምረው የጻፉት ጤና ጣቢያ የሚሄዱበት ጊዜ ቀነሰ። ባለቤትዎ ከክፍላቸው ፊታቸው ጠቁሮ ቢወጡ ታዲያ ቶሎ አይደንግጡ።

ይህን ስል ግን ቅሬታዎን ቀለል ማድረጌ አይደለም። ለመሆኑ በእናንተ ቤት ጡረታ የወጣው ማን ነው? ቡናው በእርስዎ፣ ወጡ በእርስዎ። አሁን ደግሞ የጽሕፈት ሥራ ተጨመረልዎ! ሠላሳ ዓመት ጠብቀው ያገኙት ሌላ የተዘጋ በር ነው። ቢናደዱ እውነትዎን ነው።

ስለዚህ አያስቁሟቸው። ሰዓት ያስይዟቸው። ለበሽተኛ ሰዓት ነበራቸው፣ ለድርሰትም ይኑራቸው። ለምሳሌ ጠዋት ከሁለት እስከ ስድስት። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ይዘጋል፣ ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ አብራችሁ ትጠጣላችሁ። «ሐሳብ መጣልኝ» ቢሉ እንኳ ይቆይ። ድርሰት ድንገተኛ በሽተኛ የለውም።

የዚያችን ሌሊት ነገር ግን ቤት ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት አያንሱት። ወደ ሐይቁ ዳር ውጡ። ፊት ለፊት ተፋጥጦ ከመነጋገር ጎን ለጎን እየሄዱ መነጋገር ይቀላል፤ ዝም ለሚል ወንድ በተለይ። «ለምን ደበቅከኝ?» ብለው አይጀምሩ። «ያችን ሌሊት አነበብኳት፤ እኔ የማስታውሰውን ደግሞ ልንገርህ» ይበሉ። ከዚያ ይንገሯቸው። ማን እጅዎን ያዘ? በሩ በተከፈተ ቁጥር ማንን ጠበቁ? እሳቸው እኮ ይህን አያውቁም። ግማሹ ታሪክ እርስዎ ጋ ነው ያለው፣ ደብተሩ ላይ የለም። ዝም ካሉ ዝምታቸውን ለመሙላት አይቸኩሉ። ታንኳ ሲያልፍ እያዩ ትንሽ ይቀመጡ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ሲያነቡ አስተውለውት ይሆናል። እዚያ ደብተር ላይ በሽተኞችም አሉ። ባሕር ዳር ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ስም መቀየር ብቻ አይበቃም። ሰፈሩ፣ ሥራው፣ የልጆቹ ቁጥር ሰውየውን ያሳብቁበታል። እርስዎ እያነበቡ «ይህቺ እኮ እገሌ ናት» ካሉ፣ ሌላውም ይላል። የሐኪም ምስጢር ጠባቂነት ደግሞ በጡረታ አይቀርም። እንዲህ ያለ ገጽ ሲያገኙ ምልክት ያድርጉና ለእሳቸው ይመልሱላቸው። እሳቸው ባለታሪኩን ያስፈቅዱ፣ ካልሆነም ሰውየው እስከማይታወቅ ድረስ ይለውጡት።

የምጥዎም ሌሊት እንዲሁ ነው። የእሳቸው ብቻ አይደለም። እርስዎ እንዳይታተም ካሉ አይታተምም። ያንን ገጽ ለምትተይበው ልጅ ገና ካላነበቡላት፣ እስክትነጋገሩ ድረስ እርስዎ ጋ ይቆይ።