የተነደፈ ባክቴሪያ፣ ያልቆመ ዝግመተ ለውጥ፦ ጥያቄና መልስ

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በገባነው ቃል መሠረት ዛሬ ስለ ባክቴሪያ ሲንተቲክ ባዮሎጂ፣ ማለትም ሕያው ነገርን በንድፍ ስለመሥራትና ስለመለወጥ፣ እንጠያየቃለን። መላሻችን ብዙ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ በማላመድ የሠሩ ባለሙያ ናቸው። ከመጠየቃችሁ በፊት ቀድሞ የተጠየቀውንና የተመለሰውን አንብቡ።

መላሽ፦ እንደምን ዋላችሁ። ስለ ዝግመተ ለውጥ ብትጠይቁኝ እስኪነጋ እጽፋለሁ። ስለ ኩባንያና ስለ አክሲዮን ግን ሌላ ሰው ፈልጉ። ማስጠንቀቂያም አለኝ፦ እዚህ የምንነጋገረውን ቤታችሁ እንዳትሞክሩት።

ሰላማዊት፦ ዶክተር፣ ከመሠረቱ ይጀምሩልን። በላብራቶሪ የሚመራ ዝግመተ ለውጥ ሲባል የሚለወጠው ባክቴሪያው ራሱ ነው ወይስ እናንተ ናችሁ የምትለውጡት?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ባክቴሪያ ሲባዛ ዲኤንኤውን ይገለብጣል። ሲገለብጥ አልፎ አልፎ ይሳሳታል። አብዛኛው ስህተት አይጠቅምም፣ አንዳንዱ ይጎዳል፣ ጥቂቱ ይጠቅማል። የኛ ሥራ ጠቃሚው ስህተት ያገኘው ባክቴሪያ ሌሎቹን የሚያሸንፍበትን ሁኔታ ማዘጋጀት ነው። ፈተናውን እኛ እናወጣለን፣ መልሱን እሱ ያመጣል።

ይህን በደንብ ለመረዳት የባዮሎጂ ተመራማሪውን የሪቻርድ ሌንስኪን ሥራ እዩ። በአሜሪካ በፈረንጆቹ የካቲት 24 ቀን 1988 ከአንድ የኢ. ኮላይ (በአንጀት የሚኖር ባክቴሪያ) ዘር ተነስቶ 12 ብልቃጥ አዘጋጀ። በየቀኑ ከእያንዳንዱ ብልቃጥ አንድ መቶኛው ወደ አዲስ ምግብ ይዛወራል። ምግቡ ውስጥ ያለው ግሉኮስ በጣም ትንሽ ነው። በቀን ስድስት ተኩል ትውልድ ገደማ ይቆጠራል። በየ500 ትውልዱ ናሙና ተወስዶ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ከበረዶ የወጣ ባክቴሪያ ነፍስ ስለሚዘራ የልጅ ልጁን ከቅድመ አያቱ ጋር ማወዳደር ይቻላል። እስቲ አስቡት፣ ይህን ማድረግ የሚቻልበት ሌላ ፍጥረት የት ይገኛል?

በ12ቱም ብልቃጦች ባክቴሪያው በዚያ ምግብ ላይ ከአያቱ በፈጠነ ሁኔታ ማደግ ጀመረ። ከ31,000 ትውልድ በኋላ ደግሞ በአንዱ ብልቃጥ ማንም ያልጠበቀው ነገር መጣ። ምግቡ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲትሬት፣ ማለትም ከሎሚ አሲድ የሚገኝ ውሁድ፣ ነበር። ኢ. ኮላይ ኦክስጅን ባለበት ሲትሬት አይበላም፤ እንዲያውም ከሌሎች ባክቴሪያዎች ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ ይሄ ነው። ያ ብልቃጥ ግን መብላት ጀመረ። ጥናቱ በ2008 ወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ሲትሬት የሚያስገባው ጂን ድሮም አለ፤ የሚሠራው ግን ኦክስጅን በሌለበት ብቻ ነው። በግልበጣ ስህተት የጂኑ ሁለተኛ ቅጂ ተሠራ፤ ያረፈውም ኦክስጅን ባለበት ከሚሠራ ማብሪያ አጠገብ ነው። በቃ፣ በራ። የሌንስኪ ባልደረባ ዛክሪ ብላውንት የቀዘቀዙትን አያቶች ቀስቅሶ ደግሞ ሲሞክር፣ ችሎታው የመጣው ከ20,000 ትውልድ ወዲህ ካሉት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት መንገዱን ያመቻቹ ሌሎች ለውጦች ነበሩ ማለት ነው። እኔን በዚህ ሙያ ያስቀረኝ ይህ ውጤት ነው።

የአዳማው ልጅ፦ ይሄማ የእንጀራ እርሾ ነው! አያቴ ከአንዱ ቡሆ ለሌላው እያቆየች ዕድሜዋን ሙሉ ስትሠራ የኖረችው እኮ ነው።

ኮደሩ፦ ወንድሜ፣ እርሾና ሳይንሳዊ ሙከራ አንድ አይደለም።

የአዳማው ልጅ፦ ለምን አይሆንም? ከትናንቱ ጥቂት ወስደህ ለዛሬው ትጨምራለህ። በዚያ ቤት የለመደው ያሸንፋል። ልዩነቱ አያቴ ወረቀት አለማሳተሟ ነው።

ኮደሩ፦ ታዲያ ምን እንደተለወጠ በምን ታውቃለህ?

የአዳማው ልጅ፦ በጣዕሙ!

መላሽ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ይብቃችሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው ማሸጋገሩ በእርግጥ አንድ ነው። የእንጀራ እርሾ ግን የብዙ ዓይነት ደቂቅ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ድብልቅ ነው፤ ከቡሆውና ከአየሩም አዲስ ይገባበታል። የቀዘቀዘ አያትም የለውም። ስለዚህ ማን እንዳሸነፈ እንጂ ማን ምን እንደለወጠ ማወቅ ያስቸግራል። ወደ ርዕሳችን።

ከሪሾን፦ እኔ ያለሁት እስራኤል ነው። እዚህ ሬሆቮት ዋይዝማን ኢንስቲትዩት ካርቦንዳይኦክሳይድ የሚበላ ባክቴሪያ ሠርተዋል ይባላል። የአየር ንብረት ችግር ተፈታ ማለት ነው?

መላሽ፦ አልተፈታም። ሥራው ግን ድንቅ ነው። የሮን ሚሎ ቡድን ነው፣ 2019። ኢ. ኮላይ እንደኛው ስኳር በሊታ ነው። እነሱ ዕፅዋት ካርቦን የሚይዙባቸውን ኢንዛይሞች ጂን አስገቡለት። ስኳር የሚያቃጥልባቸውን ዋና መንገዶች ዘጉበት። ፎርሜት የሚባል ቀላል የካርቦን ውሁድ ለጉልበት የሚጠቀምበት ኢንዛይም ጨመሩለት። እስከዚህ ድረስ ንድፍ ነው።

ንድፉ ብቻውን ግን አልበቃም! ብዙዎቻችሁ የምትዘሉት ቦታ እዚህ ጋ ነው። ባክቴሪያውን እንዳይሞት ያህል ጥቂት ስኳር እየሰጡ፣ ካርቦንዳይኦክሳይድና ፎርሜት ግን አትረፍርፈው፣ ለወራት አኖሩት። 200 ቀን ገደማ ላይ ያለ ምንም ስኳር የሚያድግ ወጣ። የሰውነቱ ካርቦን በሙሉ ከካርቦንዳይኦክሳይድ የመጣ ነው። የመጨረሻዎቹን ለውጦች ያገኘው ሰው አይደለም፣ ምርጫው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ፎርሜት ለጉልበት ሲቃጠል ራሱ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይለቃል። የሚለቀው ባክቴሪያው ከሚይዘው ይበልጣል። እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ እጥፍ ለመሆን 18 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ አየሩም 10 በመቶ ካርቦንዳይኦክሳይድ መሆን አለበት። የተፈተነው ያለ ስኳር እንዲኖር ነው። ኖረ። አየር እንዲያጸዳ ማንም አልፈተነውም። የፈተንከውን ነው የምታገኘው፤ ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

አባ ሰናይ፦ ልጄ፣ ሰው በላብራቶሪ ሕይወት ፈጠረ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መላሽ፦ አባቴ፣ የለም። በ2010 የአሜሪካዊው ሳይንቲስት የክሬግ ቬንተር ቡድን ማይኮፕላዝማ የሚባል የአንድ ትንሽ ባክቴሪያ ዲኤንኤን ከኬሚካል ጀምሮ ጻፈ፤ አንድ ሚሊዮን ፊደል አለፍ ይላል። ከዚያ የቅርብ ዘመዱ በሆነ ሌላ ባክቴሪያ ሕዋስ ውስጥ አስገባው። ሕዋሱ ቀድሞም ሕይወት ነበረው።

ኮደሩ፦ ያው ነው እኮ፣ ሶፍትዌሩን ከጻፍከው ፈጠርክ ማለት ነው።

ሰላማዊት፦ አይደለም! ቤቱን ማን ሠራው? ግድግዳውን፣ ፕሮቲኑን፣ ማንበቢያውን ሁሉ ያገኙት ከነበረ ሕዋስ ነው።

አባ ሰናይ፦ እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ።

ኮደሩ፦ ነገ ሕዋሱንም ቢሠሩት ምን ልትሉ ነው?

አወያይ፦ ይህን በሌላ ቀን። ቀጣይ ጥያቄ።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ዶክተር፣ ያ ማይኮፕላዝማ ማይኮይደስ ነው አይደል? እኛ ገጠር የምንታገለው የከብት ሳምባ በሽታ አምጪ?

መላሽ፦ እንዴት ደስ ይላል፣ የሚያውቅ ሰው ጠየቀ! ዝርያው አንድ ነው፣ ንዑስ ዝርያው ይለያል። ላብራቶሪ የገባው የፍየሉ ነው። የተቀበለው ሕዋስ ማይኮፕላዝማ ካፕሪኮለም ነው፤ የፍየል ሳምባ በሽታ የሚያመጣውም የዚሁ ንዑስ ዝርያ ነው። ለእናንተ የዕለት ራስ ምታት የሆነው ዘመድ ነው ለዚህ ሳይንስ መነሻ የሆነው።

በ2016 የቬንተር ቡድን የዚያኑ ባክቴሪያ ጂኖች እየቀነሰ እየቀነሰ 473 ጂን ብቻ ያለው ሕዋስ ሠራ። ከነዚህ ውስጥ 149ኙ ምን እንደሚሠሩ አይታወቅም ነበር። ሲወጡ ሕዋሱ ይሞታል ወይም ይደክማል፤ ለምን እንደሆነ ግን በወቅቱ መልስ አልነበረም። ከሕይወት እጅግ ትንሹ ገጽ ላይ ሲሶው የማይነበብ ነበር ማለት ነው።

እኔ ግን ይበልጥ የምወደው የ2023ቱን ነው። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው የጄይ ሌነን ቡድን 493 ጂን ያለውን ተመሳሳይ ሕዋስ ለ2,000 ትውልድ አኖረው። ጂኖቹ ሲቆረጡበት ብቃቱ ከግማሽ በላይ ወርዶ ነበር። ትርፍ ጂን ስለሌለው መንቀሳቀሻም የለውም፣ አይላመድም ብለው ብዙዎች ይገምቱ ነበር። በ2,000 ትውልድ ያጣውን መለሰ። ባዶውን አስቀርተኸውም ይላመዳል።

ባዮ 3ኛ ዓመት፦ በ57 ኮዶን ብቻ ስለሚኖረው ባክቴሪያ ያስረዱን።

መላሽ፦ ፕሮቲን የሚጻፈው ሦስት ሦስት ፊደል በያዙ 64 ኮዶኖች ነው። ብዙዎቹ ተደጋጋሚ ናቸው፤ ለአንድ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ጡብ) ስድስት ኮዶን ያለበት ጊዜ አለ። በ2019 የካምብሪጁ የጄሰን ቺን ቡድን የኢ. ኮላይን ዲኤንኤ እንዳለ እንደገና ጽፎ፣ 18,214 ቦታ ቀይሮ፣ በ61 ኮዶን የሚኖር ባክቴሪያ ሠራ። በ2025 ደግሞ ከ100,000 በላይ ቦታ ቀይረው 57 አደረሱት። የተለቀቁት ኮዶኖች በተፈጥሮ ለሌሉ አሚኖ አሲዶች ክፍት ይሆናሉ። እድገቱ ግን ከተፈጥሮው በጣም ይዘገያል።

ባዮ 3ኛ ዓመት፦ ቫይረስ አይዘውም ማለት ነው?

መላሽ፦ ቀስ በል። በ2021 የ61ዱን ባክቴሪያ የተለቀቁትን ኮዶኖች የሚያነቡ ቲአርኤንኤ የሚባሉ ሞለኪውሎችን ሲያወጡበት፣ የተሞከሩት ቫይረሶች ሊባዙበት አልቻሉም። በ2023 ግን የጆርጅ ቸርች ቡድን የራሳቸውን ቲአርኤንኤ ይዘው የሚመጡ ቫይረሶች ከአካባቢ ናሙና አገኘ። ገቡበት። ከዚያ ጠንከር ያለ መከላከያ ተነደፈ። "ፈጽሞ" የሚል ቃል ባዮሎጂ ላይ አትጠቀሙ።

ኮደሩ፦ እኔ የማይገባኝ፣ ጂን ኮድ ከሆነና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኮድ ከጻፈ፣ ይሄ ሁሉ ማላመድ ለምን አስፈለገ? ጽፎ መጫን ነው።

መላሽ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አላነበብክም። የጫንከው ኮምፒውተር አይባዛም፣ ባክቴሪያ ይባዛል። ያስገባህለት ጂን ምግብና ጉልበት ይበላል፣ ማለትም ሸክም ነው። ከሚሊዮኖቹ አንዱ ያንን ጂን በስህተት ሲሰብር ሸክሙ ይቀልለታል። ከሌሎቹ ፈጥኖ ይባዛል። ጥቂት ቆይተህ ስታይ ብልቃጡ በሙሉ የሱ ልጆች ነው፤ አንተ የጻፍከው የለም። ትልልቅ ማብላያ ጋን ውስጥ ምርት የሚወርድበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ስለዚህ ባክቴሪያው አንተ የምትፈልገውን ሲሠራ ብቻ እንዲኖር ማሰር ይሻላል።

አሜሪካዊው ኬሚስት ዴቪድ ሊዩ በ2011 ያቀረበው ዘዴ ይህን ነው የሚያደርገው። ኤም13 የሚባል ባክቴሪያ የሚያጠቃ ቫይረስ አለ። ሌላ ባክቴሪያ ለመያዝ የሚያስፈልገውን አንድ ጂን ይነጥቁታል። ያንን ጂን ባክቴሪያው ውስጥ ያስቀምጡና፣ ቫይረሱ የተሸከመው፣ እንዲሻሻል የሚፈልጉት ፕሮቲን ሥራውን በደንብ ሲሠራ ብቻ እንዲበራ ያደርጋሉ። ትኩስ ባክቴሪያ ሳያቋርጥ ይገባል፣ አሮጌው ይታጠባል። ጥሩ ፕሮቲን የያዘው ቫይረስ ይባዛል፣ ሌላው ታጥቦ ይሄዳል። በ8 ቀን ውስጥ 200 ዙር ያህል ምርጫ አካሂደዋል። ሰው ቁጭ ብሎ ቢመርጥ ዓመታት ይፈጅበት ነበር።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱን አልናቅኩም። በ2025 በሱ ከተነደፉ ወደ 300 የሚጠጉ የአንድ ትንሽ ፌጅ (ባክቴሪያ የሚያጠቃ ቫይረስ) ጂኖሞች፣ ማለትም ሙሉ ዲኤንኤዎች፣ 16ቱ ሠርተዋል። ተመልከት፣ 16። ቫይረስ ነው፣ 5,400 ፊደል ገደማ። ከነዚያ ውስጥ የሚሠራውን የለየውም ባክቴሪያ ላይ መሞከሩ ነው።

ስም የለሽ፦ ባክቴሪያ ካንሰር ያድናል?

መላሽ፦ የትኛው ባክቴሪያ? የትኛው ካንሰር? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም። የፊኛ ካንሰር ላይ ቢሲጂ (የሳምባ ነቀርሳ ክትባት የሆነው የተዳከመ ባክቴሪያ) በሥራ ላይ ነው፤ እሱ ግን እዚህ የምንነጋገርበት ዓይነት የተነደፈ አይደለም። ታማሚ ካለ ሐኪሙን ያነጋግር።

ቢንያም 12ኛ፦ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ቀን አንቲባዮቲክ የማይበግረው ባክቴሪያ ማላመድ ፈልጌ ነበር። እንዴት ልጀምር?

መላሽ፦ አትጀምር። መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ? በቤትም በክፍልም አይሠራም። የምታላምደው መድኃኒት የማይነካውን ነው፤ በእጅህ ይዘኸው ታናሽ እህትህ ጋ ልትገባ ትችላለህ። በሱ ፈንታ የተመራማሪዎቹ የሮይ ኪሾኒና የማይክል ቤይም የ2016 ቪዲዮ አለ። 120 በ60 ሳንቲሜትር የሆነ ሰሃን ላይ መድኃኒቱ ወደ መሃል እየበዛ ይሄዳል። ባክቴሪያው ከዳር ተነስቶ ደረጃ በደረጃ፣ በየድንበሩ ቆም እያለ፣ በ11 ቀን ገደማ ሺህ እጥፍ የበዛ መድኃኒት ላይ ይደርሳል። ለክፍልህ አሳየውና አስረዳ። ከበቂ በላይ ነው።

ስም የለሽ፦ ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ባክቴሪያ ነው መሥራት የሚቻለው?

መላሽ፦ ምንም። ሌላ ጥያቄ።

ሰላማዊት፦ የመስታወት ባክቴሪያ የሚባለው ያስፈራል?

መላሽ፦ አዎ። ሞለኪውሎቹ በሙሉ የኛ ግራ ቀኝ ተገልብጦ የተሠሩ ባክቴሪያ ማለት ነው። እስካሁን የለም። በታኅሣሥ 2024 በዘርፉ ያሉ 38 ሳይንቲስቶች አይሠራ ብለው ጽፈዋል፤ የሰውነት መከላከያችን ላያውቀው ይችላል። ከነሱ ጋር ነኝ፣ ሙሉ በሙሉ።

ባዮ 3ኛ ዓመት፦ የመጨረሻ ጥያቄ ዶክተር። እኛ ጋ ከዜሮ በታች 80 የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ የለም፣ መብራትም ይጠፋል። ይህን ሙያ መማር ለኛ ዝም ብሎ ምኞት ነው?

መላሽ፦ አይደለም። በ2016 ከሌንስኪ ሙከራ የ264 ባክቴሪያዎች ሙሉ ዲኤንኤ ተነቦ ወጥቷል። ንባቡ በነጻ ይወርዳል። ብሬስሴክ የሚባለው ፕሮግራምም ነጻ ነው፤ አያትና ልጅን አወዳድሮ የት የት እንደተለወጠ ያወጣልሃል። የሠራው ጄፍሪ ባሪክ ነው፤ ከ2022 ጀምሮ ያንን ሙከራ ቴክሳስ ላይ እያስቀጠለ ያለውም እሱ ነው። ሊነክስ ያለው ተራ ላፕቶፕ ይበቃሃል። ከአንድ ብልቃጥ ጀምር፦ የ2,000ኛውን ትውልድና የ20,000ኛውን። ውጤቱን ከታተመው ጋር አመሳክር። የማይገጥም ካገኘህ የትኛው ጂን ላይ እንደሆነ ጽፈህ እዚሁ ላክልኝ። "አልሠራልኝም" ብቻ ብለህ ግን አትላክ፤ የወጣውን የስህተት መልእክት እንዳለ ገልብጠህ ላክ።